አብሽር ያለ አፍ

ታምሬ ወደ ቆቦ የተመለሰው በመንግሥት ላንድሮቨር፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ ነው። ለሙቀቱ እንዳይመስላችሁ፤ የራያ ቆላ ሙቀት መስታወት ቢወርድም ቢወጣም ያው ነው። ሰው እንዲያየው ነው። ሰውም አላሳፈረውም። መኪናው ገበያው ጥግ ገና ከመቆሙ፣ ጨው ከጫኑት ግመሎች ኋላ የነበረ አንድ ጎረምሳ አፉን በሁለት እጁ ከብቦ «አያ አብሽር መጣ!» አለ። ገበያው ዞረ። በርበሬ የምትሰፍረው ጣሳዋን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ታምሬ እጁን በመስኮት አወጣ፤ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ፤ የሰው ጉልበት የሚነካ በሚመስል መዳፍ የመኪናውን በር መታ መታ አደረገና «አብሽሩ፣ አብሽሩ እናት ዓለም» አላቸው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

በኋላ፣ ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ፣ እስከ ጆሮው ድረስ የሚያቃጥለው ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህቺ ነበረች፤ በሩን መታ መታ ማድረጉ።

«አገርህ ላይማ ንጉሥ ነህ» አለው ከኋላ የተቀመጠው ካሜራማኑ አስፋው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ከደብረ ብርሃን በላይ ወጥቶ አያውቅም።

«ንጉሥ ቀርቷል፤ ጓድ በል» አለ ታምሬ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እንግዲህ ቆቦን ለማያውቅ አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። «አብሽር» በወሎ ምድር የቀልድ ቃል አይደለም። ሰው ሲሞት፣ በሬ ገደል ሲገባ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ሰው ለሰው የሚያቀብላት ቃል ናት። እስላሙም ይላታል፣ ክርስቲያኑም ይላታል። «አይዞህ» ናት ቢሉ፣ አይዞህም አትሆን፤ አይዞህን ከላይ ቆሞ ወደ ታች መወርወር ይቻላል። አብሽር ግን ጎን ተቀምጦ፣ ጉልበት ነክቶ ነው። በክፉ ዘመን እንጀራው ሲያልቅ ሰዉ እሷን ሲካፈል ከርሟል።

ታምሬም በዚያች ቃል ነው ያደገው። እናቱ ወርቅዬ በወለደችው በአርባ ቀኑ በንዳድ ሞተች፤ አባቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ አሰብ እንደወረደ ቀረ። ጡት ያጠባችው የሮቢቷ ኡሙሃኒ ናት። የራሷን ልጅ ታሂርን በቀኝ፣ የጎረቤቷን ወላጅ አልባ በግራ አድርጋ ሁለቱንም አሳደገች። እስላም ናትና፣ የእናቱ ሃይማኖት እንዳይፈርስበት ብላ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሥጋ እንዲበላ ክርስቲያን ጎረቤቷ ማንያህልሻል ዘንድ እየላከችው፣ እሷ ቤት እርጎና ቅንጬ ብቻ እያበላችው ነው ያሳደገችው። ንዳድ ሲያንቀጠቅጠው ጎኑ ትቀመጣለች፤ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል ታደርጋለች፤ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገች፣ «ሽ»ዋን ሳብ አድርጋ «አብሽር፣ እናት ዓለም» ትለዋለች። ወንዱንም ሴቱንም እናት ዓለም ነው የምትለው። አመሏ ነው።

አሁን በር የመታው መዳፍ የማን እንደሆነ ገባችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ታምሬ ለዓመታት ቴአትር መድረክ ላይ ጦር ይዞ ቆሟል። ንጉሥ ሲገባ ከበሩ በስተቀኝ፣ ንጉሥ ሲወጣ ከበሩ በስተግራ። አንድ ቃል አልነበረውም። አብዮቱ ሲመጣ ነገሥታቱ ከመድረኩ ወረዱ፤ ባላገር ወጣ። «ያልነቃ ጭሰኛ» የሚሆን ሰው ተፈለገ፤ የከተማው ተዋናዮች ባላገር ሁኑ ሲባሉ ለማኝ ይሆናሉ። አዘጋጁ «ከባላገር የመጣ የለም?» አለ። ጦረኛው እጁን አወጣ።

በጽሑፉ ላይ ባለርስቱ በሬውን ሲነዳበት ጭሰኛው «ያለቅሳል» ነበር የሚለው። ታምሬ ማልቀስ አልመጣለትም። አንገቱ በራሱ ዘንበል አለ፤ እጁ የመድረክ ሚስቱን ጉልበት ፈለገ፤ «አብሽሪ፣ እናት ዓለም» አለ። ልምምድ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አዘጋጁ እንባውን እየጠረገ «ያዛት፣ እንዳትለቃት» አለው። ያዛት። ባለርስቱ በሬውን ሲወስድ አብሽሪ፣ ጎተራውን ሲገለብጥ አብሽሪ፣ በመጨረሻ ሱሪውን ሲያስወልቀው፣ በባዶ ቂጡ ቆሞ፣ አብሽሪ። አዳራሹ ተገለበጠ። ከዚያ ንቁው ጓድ ይገባል፤ «አብሽር ያሉ አፎች ናቸው አገሩን ያስጋጡት፤ ተነስ!» ይለዋል፤ ጭሰኛው ይነሳል፤ ሱሪው ይመለስለታል፤ መጋረጃ።

ሰው ስሙን ረሳው፤ አያ አብሽር አለው። ጥቂት ቆይቶ ፊልም ተሠራ፤ ፊልሙ በመኪና ተጭኖ በየአውራጃው ዞረ፤ አደባባይ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ሲኒማ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አያ አብሽርን አየ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ኋላ ግን ታምሬ ሰለቸው። ቡና ቤት ሲገባ አብሽር፤ አውቶቡስ ሲሳፈር አብሽር፤ አንድ ጊዜማ የጓደኛው ቀብር ላይ ቄሱ ሳይጨርሱ አንድ ሰካራም ከኋላ «አብሽር» ቢል፣ ቀባሪው ሁሉ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ምኞት ብቻ ያዘው፤ ከዚያ ቆዳ መውጣት። ዳይሬክተር መሆን።

ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ አንድ ፊልም ሰጡት። ልጇ ለአገሩ የተሰዋባት እናት፣ ሐዘኗን ችላ መሠረተ ትምህርት ስትገባ የሚያሳይ ነው። ጥሩ አድርጎ ከሠራ ዳይሬክተር ነው፤ ካልሆነለት ሱሪውን አውልቆ ወደ መድረኩ ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ነው። እናቲቱን ማን እንድትሆን እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ቆቦን የመረጠው ለሷ ነው። በፊልሙ ጎረቤቷ ትገባለች፣ ጎኗ ትቀመጣለች፣ «አብሽሪ» ትላታለች፤ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ እውነቱ። ያቺን ቃል በእውነተኛ ሰዎች መካከል፣ በእውነተኛ አገሯ ቢቀርጻት፣ አያ አብሽር እዚያው ተቀብሮ ይቀራል ብሎ አሰበ።

እንግዲህ በማግስቱ የጎሊናን ወንዝ ተሻግረው ሮቢት መንደር፣ ኡሙሃኒ ደጅ ሲደርሱ፣ ሾፌሩን «ጡሩንባውን ንፋው፤ እናቴ ትደንግጥ» አለው። ሾፌሩ ነፋ።

መጀመሪያ የወጣችው ታናሿ ልጅ ዚነት ናት። ጥሏት ሲሄድ የምትድህ ሕፃን ነበረች፤ አሁን በቀበሌው መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ ምላሷ እንደ ጅራፍ ጫፍ የሆነ ኮረዳ ሆናለች። መኪናውን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ጥቁር መነጽሩን አየች።

«እማ» አለች ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ሲኒማው መጣልሽ።»

ኡሙሃኒ ጎንበስ ብላ ከጎጆው ወጣች። ሸምግላለች። ሻሿን አስተካከለችና «እንዴት ሰነበቱ» አለች።

ታምሬ ዞሮ አስፋውን አየ፤ አንቱታው ለሱ መስሎት።

«እማ ኡሙሃኒ፣ እኔ ነኝ እኮ። ታምሬ።»

«አውቄዎታለሁ» አለች። «ይግቡ እንጂ፤ ፀሐይ ላይ አይቁሙ።»

በግራ ጡቷ ያደገው ሰው እንደ ወረዳ እንግዳ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እርጎ በቅል ቀረበለት። ቀና ሲል ምሰሶው ላይ የታሂርን ወንጭፍ አየ፤ ማሽላ ሲጠብቁ ግሪሳ የሚያባርርባትን። ዓይኑን ቶሎ አሸሸ።

ስለ ታሂር ያውቅ ነበር። ክተቱ ሲታወጅ ከሮቢት ከሄዱት ገበሬዎች አንዱ ታሂር ነው፤ ኦጋዴን ቀረ። አዲስ አበባ ላይ አንድ የራያ ሾፌር ነግሮታል። ያን ቀን ማታ ትርኢት ነበረው፤ «አገር ስገባ ለቅሶ እደርሳለሁ» ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። አገሩ ደግሞ ለዚህ ሕግ አለው። ሐረር ኑር፣ አሥመራ ኑር፣ ሰው ሞቶብህ በሩቅ ከሰማህ፣ በተመለስክ ቀን እህል ሳትቀምስ፣ ሰላም ሳትል ደጅ ቆመህ የሟቹን ስም ጠርተህ ታለቅሳለህ። ቤተሰቡ ይወጣል፣ አብሮህ ያለቅሳል፤ ከዚያ ነው ሰላምታው። አሥር ዓመት ቢያልፈውም ለቅሶ ጊዜ አያልፍበትም። ይህን የሮቢት ውሻ እንኳን ያውቃል። ታምሬ ግን መንገድ ላይ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ቁስል መቀስቀስ ነው» ብሎ ነበር። ይህ ለራሱ የነገረው ነው። ከዚያ ሥር ሌላ ነበር፤ በለቅሶ ከገባ የፊልሙን ነገር በምን አፉ ያነሳዋል?

ስለዚህ ስለ ፊልሙ አወራ። ኡሙሃኒ እስኪጨርስ ዝም ብላ ሰማችው።

«እኔን ምን ሁኚልን ነው የሚሉኝ?»

«እናት። ልጇ ጦር ሜዳ የቀረባት እናት።»

ዚነት ከበሩ አጠገብ ሆና «እንግዲህ ተገኘች» አለች።

«ምን ትላለች ሴትዮዋ?» አለች ኡሙሃኒ።

«ምንም አትልም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጎረቤቷ ትመጣና አብሽሪ...»

ኡሙሃኒ ተነሳች። ያልጨረሰውን ቅል ከእጁ ተቀበለችው። «ያቺን ቃል እኛ ቤት አንላትም» አለች።

«ለምን?»

«አረጀች።» ወደ ጓዳ ገባች። አልወጣችም።

ዚነት መኪናው ድረስ ሸኘችው። እሷ አንቱ አላለችውም፤ ለስድብ አንተ ይሻላል።

«ታሂር መሞቱን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው እንግዲህ ጡሩንባ እየነፋህ የገባኸው።»

ታምሬ መሬት አየ። አስፋው መኪናው ውስጥ ካሜራውን የሚጠርግ መሰለ።

«እማ ለምን እንደማትላት ልንገርህ» አለች ዚነት። «መርዶው የተነገረን ስብሰባ ላይ ነው። ስም ሲጠራ የታሂርም ተጠራ። እማ ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች። ሸህ ሰላሁዲን ጎኗ ነበሩ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረጉና ‹አብሽሪ› አሏት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሸራህ ተወጥሮ፣ አንተ ያለ ሱሪ እዚያው ሜዳ ላይ ታይተሃል። ከኋላ አንዱ ፈነዳ። በሳቅ። ሌላው ተከተለው። ክፉ ሆነው እንዳይመስልህ፤ አፋቸውን በኩታ አፍነው ነው፤ አመለጣቸው።» ምላሷ ለአንድ አፍታ ስለቱ ጠፋ። «እኔም አመለጠኝ። በወንድሜ ሞት ላይ ሳቅሁ። እማ ዞራ አየችኝ።»

ታምሬ የመኪናውን በር እጀታ ያዘ።

«ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ያቺን ቃል የሚደፍር የለም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የሚለው ያጣል፣ ይሄዳል። የኛን ቃል ወሰድህ። ውሰድ፤ አንተም ልጇ ነህ። ግን በምትኩ ምን አስቀመጥህልን?» ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። «በል ሂድ። መኪናው ይጠብቅሃል።»

ሰው እዚህ ላይ ያበቃል ትላላችሁ። ሰው ግን፣ በተለይ ፊልም የተሰጠው ሰው፣ እዚህ ላይ አያበቃም። ምሳ ሰዓት ላይ ቆቦ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ የወረዳው ካድሬ ጓድ አላምረው «እናትየዋ ተገኘች?» ሲለው፣ ታምሬ እንደ ዋዛ «አሮጊቷ እምቢ አለች» አለ። አሮጊቷ አለ። ያጠባችውን።

«እምቢ የሚባል ነገር የለም» አለ አላምረው፣ ጣቱን እየላሰ። «የገበሬ ማኅበሩ ይነግራታል፤ ትመጣለች።»

ያን ጊዜ «አይሆንም፣ ተዋት» ማለት ነበረበት። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶለት ነበር። ግን ጥብሱ መጣ።

የቀረጻው ቀን ማሽላው ቀልቶ፣ ማሳው ሁሉ ራሱን ደፍቶ ነበር። ማማ ላይ የወጡት ጠባቂዎች ጅራፋቸውን ማጮህ እንዲያቆሙ ታዘው፣ ግሪሳው ደስ ብሎት ይበላል። የሮቢትና የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቧል፤ በማኅበሩ ትእዛዝ የመጣ አለ፣ አያ አብሽርን ለማየት የመጣ አለ። ማሳው ዳር አንድ ጎጆ ተመርጧል፤ ደጁ ላይ አጎዛ ተነጥፏል።

ኡሙሃኒ መጣች። የሁልጊዜ ቀሚሷን ለብሳለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት፣ ዚነት ከኋላ ሆነው አመጧት። «የት ልቀመጥልዎ?» አለችው። አጎዛውን አሳያት፤ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አስፋው ከካሜራው ኋላ ሆኖ አያትና «ምንም አትንገራት፤ እንዲሁ ትሁን» ብሎ አንሾካሾከ። ፊቷ ላይ ያልተሠራ ነገር ነበር። ለዚያ ፊት ነበር ታምሬ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው፤ አሁን ግን ሊያየው አልቻለም፤ በካሜራው በኩል ካልሆነ በቀር።

ጎረቤቷን የምትሆነው ማሚቴ ናት፤ ጠላ ሻጭ፣ ቀልደኛ፣ አንገተ ረጅም። «ጀምር» ተባለ። ማሚቴ መጣች፣ ጎኗ ተቀመጠች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ገና ቃሉን ሳታወጣው ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ፍ...» አለ። ሳቁ እንደ እሳት ገለባው ላይ ሄደ።

ጓድ አላምረው ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «በትግል ላይ መሳቅ የአድኃሪ ምልክት ነው!»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሰው ሳቁን አፍኖ ጸጥ ሲል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የታሰረ ውሻ ይመስላል። ሁለተኛ ተጀመረ። ማሚቴ መጣች፣ ተቀመጠች፣ «አብሽ...» አለችና ራሷ ፈነዳች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አልቻልሁም ወንድም ዓለም» አለች ከነጠላው ሥር። «ቃሉን ላወጣው ስል ያንተ ቂጥ ይታየኛል።»

ከዚያ ወዲያማ አላምረውም ሳቀ።

ኡሙሃኒ ከነበረችበት አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ ከሕዝቡ በላይ አልፎ፣ ማሽላው ላይ የሚወርደውን ግሪሳ ያያል። ዚነት ከዳር ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። አስፋው «ታምሬ፣ ፊልሙ እያለቀብን ነው» አለ።

«ተይው፤ እኔ ላሳይሽ» አለ ታምሬ ለማሚቴ። ዳይሬክተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ተዋናዩ ሲያቅተው ተነስቶ ያሳየዋል። መነጽሩን አወለቀ። ሄዶ ኡሙሃኒ ጎን፣ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ቀርቧት አያውቅም። የቅቤዋና የጭሱ ሽታ፣ የንዳዱ ጊዜ ሽታ መጣበት። አሁን እላታለሁ አለ በልቡ። አሁን የማሳያ አይደለም፤ ለታሂር ነው፤ ሳልደርሰው ለቀረሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሊላት ፈለገ።

አንገቱ በራሱ ዘንበል አለ። እጁ በራሱ ሄዶ ጉልበቷ ላይ መታ መታ አለ። «አብሽሪ» አለ፤ «ሽ»ዋ ተሳበች፣ ተሳበችና፣ አያ አብሽር ሆና ወጣች። ልክ እንደ አዳራሹ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር የምትደርሰዋ፣ ሱሪ የሌላትዋ።

ሕዝቡ መሬት ላይ ተንከባለለ። ማማ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ሳይቀሩ ተቀመጡ።

ታምሬ ደነገጠ። እንደገና ሞከረ፤ ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ፣ ለሷ ብቻ። ያው ናት። ስንት ዓመት የሸጣትን ቃል፣ ለቤቱ አንዲት ስንኳ ሳያስቀር ሸጧት ኖሯል።

ኡሙሃኒ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጅ አየችው። አነሳችው፤ ሳትጥለው፣ ሳትገፋው፣ ሰው የሰውን ዕቃ እንደሚመልስ አድርጋ በራሱ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ የእርስዎ ነው» አለችው።

ድምጿን የሰማ ሌላ ሰው የለም፤ ሳቁ አልቆመም ነበር። ታምሬ ተነሳ። እግሩ ሥር ያለው መሬት የሌላ ሰው መሬት መሰለው።

«ዝጋው» አለ ለአስፋው።

«የቱን?»

«ካሜራውን። ዝጋው። ሰውን ልቀቁት፤ ግሪሳው ማሳቸውን ጨረሰው።»

አላምረው ቀረበ። ሳቁን ከፊቱ ጠርጓል። «ጓድ ታምሬ፣ ፊልሙ የግልህ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ይህን ሪፖርት አደርጋለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ ይጨርሰዋል፤ አንተ ደግሞ ከእንግዲህ ካሜራ ኋላ አትቆምም።»

«ሌላ ሰው ይጨርሰው» አለ ታምሬ። «እሷን ግን ዳግም አታስጠሯት። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ በል።» ይህቺን ቃል ትናንት ምሳ ላይ ቢላት ኖሮ ትርጉም ይኖራት ነበር። ዛሬም ቢሆን ወጣች፤ ከመቅረት ትሻል ይሆናል።

ላንድሮቨሩ አስፋውንና ካሜራውን ይዞ ወደ ቆቦ ሄደ። ታምሬ በእግሩ ቀረ። ፀሐይ ከምዕራብ ሆና ወደ ዞብል ተራራ ፊቷን አዙራ፣ ጥላው ከፊቱ ረዝሞ፣ በቁልቋሉ አጥር ጥግ ጥግ ሄዶ የኡሙሃኒ ደጅ ደረሰ። ባርኔጣውን አወለቀ። ለቅሶ ላይ ሰው እንደሚያደርገው ኮቱን በራሱ ላይ አደረገ፤ ነጠላ አልነበረውም። እስትንፋሱን ሳበና ጮኸ።

«ታሂር! ታሂር ወንድሜ...»

ጥሩ ድምፅ ነበር። ከሆድ የወጣ፣ በልክ የተንቀጠቀጠ፣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ። ታምሬ ራሱን ሰማውና አጥንቱ ድረስ አፈረ። ይህንኑ ድምፅ ባለፈው ዓመት በሌላ ትርኢት፣ በሌላ ሟች ላይ አውጥቶታል፤ ተጨብጭቦለታል። ሁለተኛውን ጩኸት መሐል ላይ ዋጠው። ቆሞ ማልቀስ አልቻለም፤ ዝም ብሎ መሄድ አልቻለም። ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ ልጅ ሆነው ከታሂር ጋር ወንጭፍ ይገምዱበት ከነበረው ድንጋይ ላይ፣ ተቀመጠ። ኮቱ ከራሱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። አላነሳውም።

ዚነት ወጥታ አየችውና ተመልሳ ገባች። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«እማ፣ ሰውየው ደጅ ተቀምጧል።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይል።»

«ጮኾ አልነበረም?»

«ጀምሮ ተወው።»

«ምንም አይልም?»

«ምንም። አንገቱም አልዘነበለ።»

ጓዳው ውስጥ የሆነ ነገር ተቀመጠ፤ ቅል ወይም እንስራ። ከዚያ እግር ተሰማ። ኡሙሃኒ ጎንበስ ብላ ወጣች። ኮቱን ከመሬት አንስታ አራገፈችው። ታምሬ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ እግሯን ብቻ አየ፤ ንቃቃቱን፣ የቆላውን አፈር። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ይቅር በይኝ ሊል ነው፣ ወይ ታሂርን ሊጠራ፣ ወይ እማ ሊል። የትኛውም ቃል ንጹሕ ሆኖ አልታየውም። መልሶ ገጠመው።

እሷም ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ ሊናገር እንደሆነ ልታይ። አልተናገረም።

«ታምሬ» አለችው።

ቀና አለ።

«ግባ» አለች። «አፍህን እዚያው ደጅ ተወውና ግባ።»

ገባ። ከምሰሶው ሥር፣ ከወንጭፉ ሥር ተቀመጠ። አንዳንድ ጎረቤት የጀመረውን ጩኸት ሰምቶ ኖሮ እየመጣ ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ማሚቴም መጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ያቺን ቃል ያለ የለም። ኡሙሃኒ እርጎ በቅል ቀድታ ፊቱ አኖረች፤ ዚነት አንዴ ምሰሶውን፣ አንዴ እሱን አየችና ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ያዘች። ታምሬ እስኪመሽ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እንዲናገርም የጠየቀው አልነበረም።